አሞስ አሎንዞ ስታግና የሜዳው ሕዝብ

በሕይወት ባለ ሰው ስም የጨዋታ ሜዳ መሰየም ዘወትር የሚደረግ ነገር አይደለም። የሚሰይመው ክፍል ባለስሙ ነገ ምን እንደሚሠራ፣ ራሱም ነገ ምን እንደሚያስብ አያውቅምና። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግን አሠልጣኙ ገና የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ሳለ ትልቁን ሜዳውን ስታግ ፊልድ ብሎ ጠራው። ከዚያ ወደ ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1938፣ ይኸው ሰው በሰባ ስድስት ዓመቱ ወደዚሁ ሜዳ ተመለሰ። የመጣው ግን የሌላ ኮሌጅ ተማሪዎችን እየመራ ነበር። እንግዶቹም የቺካጎን ቡድን 32 ለ 0 አሸነፉ። በገዛ ስሙ በተሰየመ ሜዳ ላይ፣ አርባ አንድ የጨዋታ ዘመን ያሠለጠነውን ቡድን በእንግድነት መጥቶ የረታ ሰው በስፖርት ታሪክ ውስጥ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛም፣ አሜሪካውያን ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም ለጓደኛ በመወርወር የተጋጣሚን መሥመር አልፎ ነጥብ የሚገኝበት፣ ተጫዋቾች እየተላተሙ የሚጣጣሉበት ጨዋታ ነው። የተወለደውና ያደገው በከተማ ክለቦች ሳይሆን በኮሌጆች ግቢ ነው። ከዚህም የተነሣ ተጫዋቹ ተማሪ፣ ሜዳው የትምህርት ቤት ሜዳ፣ አሠልጣኙም ቢያንስ በስም የመምህራን ባልደረባ ነው። በመቀመጫው ላይ ሆኖ የሚጮኸው ሕዝብ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ የትምህርት ቤት ሰው መሆኑ እየቀረ ሄዷል። የስታግ ረጅም ዕድሜ ይህ ለውጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው ላይ ሲያልፍ ያሳየናል። ስለዚህም ታሪኩ ስፖርት ለማይወድ መምህር እንኳ የሚያስብበት ነገር ይሰጠዋል ብዬ እገምታለሁ።

አሞስ አሎንዞ ስታግ ኦገስት 16 ቀን 1862 በኒው ጀርሲ ክፍለ ግዛት፣ ዌስት ኦሬንጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ስምንት ልጆች ነበሩ፤ ገንዘብ ግን አልነበረም። ልጁ እየሠራ ተምሮ በመጨረሻ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። የገባበትም ዓላማ ሰባኪ ለመሆን ነበር። በዬል ቤዝቦል በተባለው ጨዋታ እጅግ የታወቀ ኳስ ወርዋሪ ሆነ፤ ሙያተኛ ክለቦችም ለዚያ ዘመን ብዙ የሆነ ገንዘብ አቀረቡለት። አልተቀበለም። ጨዋታን ለገንዘብ ሲሉ መጫወት ለእርሱ ከመጠጥ ቤት ሕይወት የማይለይ ነውር ነበርና። በፉትቦልም በ1888 አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ዘመኑን ለጨረሰው የዬል ቡድን ተሰለፈ፤ በ1889 ለመጀመሪያ ጊዜ በተመረጠው የመላው አሜሪካ ምርጥ ቡድን ውስጥም ስሙ ገባ።

ሰባኪነቱ ግን አልሆነለትም። አንደበቱ በመድረክ ላይ የማይፈታለት ሰው ስለ ነበረ፣ ወጣቶችን ከአትሮንስ ይልቅ በሜዳ ቢያስተምር የሚሻል መሆኑን አመነ። በ1890 በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የወ.ወ.ክ.ማ. ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሄደ። እዚያም ጄምስ ኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስን ሲፈጥር በአጠገቡ ነበረ፤ በማርች 1892 በሕዝብ ፊት በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ለመምህራኑ ቡድን የተቆጠረችውን ብቸኛ ነጥብ ያገባው እርሱ ነው። ተማሪዎቹ 5 ለ 1 አሸንፈዋል።

በዚሁ ዓመት፣ በዬል የዕብራይስጥ ቋንቋ ያስተማረው ዊሊያም ሬይኒ ሃርፐር ጠራው። ሃርፐር በጆን ዲ. ሮክፌለር ገንዘብ በቺካጎ ከተማ የሚቋቋም አዲስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ለስታግ ያቀረበለት 2,500 ዶላር ደመወዝና የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ነው። የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ኃላፊ ሆኖ፣ ዕድሜ ልኩን የማይነቀል ቋሚ መምህር ሆኖ መሾሙ በአሜሪካ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ኋላ በስታግ ሕይወት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ከዚህ ሹመት ጋር የተያያዘ ነው። ስታግ በማሸነፍ ወይም በመሸነፍ የሚመዘን ቅጥረኛ አልነበረም። እንደ ሒሳብ ወይም እንደ ታሪክ መምህር ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር።

ሃርፐር ለምን እንዲህ አደረገ? አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ኦክቶበር 1892 በሩን ሲከፍት ገንዘብም መምህራንም ነበሩት፤ ያልነበሩት የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው። ሃርቫርድና ዬል ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ወዳጅ ነበራቸው። በቺካጎ ግን ስለ ዩኒቨርሲቲው ልቡ የሚመታ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የቢሮ ጸሐፊ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ ይህን ፍቅር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ጠብቆ ከማግኘት ይልቅ በአንድ የበልግ ወራት ሊሠራው ፈለገ፤ መሣሪያውም ፉትቦል ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ተጫዋች ከማነሱ የተነሣ ስታግ ራሱ ተሰልፎ ይጫወት ነበር። ማርሻል ፊልድ የተባለው የከተማው ታላቅ ነጋዴ ቦታ ሰጠ። ሜዳው መጀመሪያ በእርሱ ስም ተጠርቶ፣ እየታጠረና መቀመጫ እየተሠራለት ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ በምስጋና ቀን ግጥሚያ ላይ የከተማው ባለጸጎች በሠረገላ እየመጡ ይሰለፉ ጀመር። ዩኒቨርሲቲውን አንድም ቀን ያልረገጠ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ቀለም በደረቱ ላይ ያስር ጀመር። ሃርፐር የፈለገውን አገኘ።

ይህ ፍቅር በምን ላይ የተመሠረተ ነው የሚለውን ጥያቄ በዚያን ጊዜ ያነሣ ብዙ አልነበረም። ሕዝቡ የወደደው ቤተ መጻሕፍቱን አይደለም፤ የሳይንስ ቤተ ሙከራውንም አይደለም። የወደደው ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ወጥቶ የእኔ የሚለው ወገን ማግኘቱን ነው። ወገን ያለው ሰው ደግሞ ቡድኑ ሲረታ አሸነፍን ይላል፤ ቡድኑ ሲረታበት ግን ተሸነፉ ይላል። አማርኛችን ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ለመግለጽ አያንሰውም።

እዚህ ላይ ስታግን ከነገሩ ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን መበደል ይሆናል። ሕዝቡን የሰበሰበው እርሱ ነው። የሜዳው ገቢ ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ በጀት ተለይቶ በእርሱ መሥሪያ ቤት እጅ ለብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ይህንንም ሥልጣኑን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ለተጫዋቾች የተለየ የምግብ ገበታ ነበራቸው። ከ1902 ጀምሮ በየዓመቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሩጫና የዝላይ ውድድር በሜዳው ላይ እያዘጋጀ፣ ከመጡት ልጆች መካከል ጠንካራዎቹን ወደ ቺካጎ ይስብ ነበር። የማያጨስ፣ የማይጠጣ፣ ከአፉ ጸያፍ ቃል የማይወጣ ሰው ነበር። በጣም ሲናደድ ተጫዋቹን አህያ ብሎ ይሰድበዋል፤ የስድቡ ሁሉ ጫፍ ይኸው ነበር ይባላል። ባለቤቱ ስቴላ ሮበርትሰን የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበረች፤ በ1894 ከተጋቡ በኋላ የተጋጣሚዎችን አሰላለፍ እየተመለከተች በወረቀት ላይ ትነድፍለት ነበር። ቤቱም ትምህርት ቤቱም ሜዳው ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሰው የሕዝቡን ጩኸት ለበጎ ነገር አውለዋለሁ ብሎ ማመኑ የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚያ ዘመን ከፍተኛው ቀን ኖቬምበር 30 ቀን 1905 የዋለው የምስጋና ቀን ነው። የተጋጠሙት ቺካጎና ሚሺጋን ናቸው። የፊልዲንግ ዮስት የሚሺጋን ቡድን ከ1901 ጀምሮ በተከታታይ 56 ግጥሚያ ሳይሸነፍ የመጣ ነበር። ወደ 27,000 የሚገመት ሕዝብ በብርዱ ውስጥ ሜዳውን ሞላው፤ ይህ ለዚያ ዘመንና ለዚያ አገር እጅግ ብዙ ነው። ሃርፐር በካንሰር በሽታ ተይዞ ሊሞት ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ሁለቱ ቡድኖች ለረጅም ጊዜ ሳይበላለጡ ቆዩ። በመጨረሻም የቺካጎው ዋልተር ኤከርሶል በእግሩ የለጋው ኳስ ከሚሺጋን ግብ መሥመር በስተኋላ ወደቀ። ዴኒሰን ክላርክ የተባለው የሚሺጋን ተጫዋች ኳሱን አንሥቶ ሮጠ፤ ከመሥመሩም ወጣ። ነገር ግን ሁለት የቺካጎ ልጆች ይዘው ወደ ኋላ ገፉትና ከመሥመሩ በስተጀርባ ጣሉት። በጊዜው ሕግ ይህ ለተጋጣሚ ሁለት ነጥብ ያሰጣል። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ።

ቺካጎ በደስታ ሰከረች። ስለዚያ ቀን ደስታ ብዙ ተጽፏልና እኔ አልደግመውም። መነገር ያለበት ሌላው ወገን ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ጋዜጦች የሽንፈቱን ምክንያት በአንድ ወጣት ላይ ጣሉት። አምስት ዓመት ሙሉ ያልተሸነፈው ቡድን የተሸነፈው አሥራ አንድ ሰው ሆኖ አንድም ነጥብ ማግባት ስላልቻለ መሆኑ ተረሳ፤ ክላርክ ኳሱን ባይነካው ኖሮ የሚለው ብቻ ቀረ። ክላርክ ትምህርቱን ለቆ ሄደ፤ ሥራ ያዘ፤ ኖረ። በ1932 ራሱን አጠፋ። በዚያን ጊዜ የወጡ ጋዜጦች፣ ለባለቤቱ በተወው ደብዳቤ ውስጥ ያንን የ1905 ጨዋታ ማንሣቱን ጽፈዋል። ሰው ራሱን የሚያጠፋበትን ምክንያት ከውጭ ሆኖ በአንድ ነገር መወሰን ድፍረት ነው፤ እኔም አልወስንም። ሆኖም በሕዝብ ፊት የተሠራ የአንድ ቅጽበት ስሕተት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንድ ሰው አእምሮ አለመውጣቱን ማለፍ አይቻልም።

በአሸናፊው ወገንስ የነበረው? ኤከርሶል ከዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ያደገ የከተማው ልጅ ነበር፤ ሕዝቡ ከእርሱ በላይ የወደደው ተጫዋች አልነበረም። በትምህርቱ ግን እጅግ ደካማ ነበር፤ ለመጫወት የተፈቀደለት ዘመን እስኪያልቅ ድረስም ዩኒቨርሲቲው ታገሠው። የመጨረሻው የጨዋታ ዘመኑ በ1906 ሲያበቃ ትዕግሥቱም አበቃ፤ ዲግሪ ሳያገኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ በቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ የስፖርት ጸሐፊና የታወቀ ዳኛ ሆኖ በ1930 ሞተ። በ1905 የበልግ ወራት ኮሊየርስ የተባለው መጽሔት ስለ ፉትቦል ድሎች መገዛት ተከታታይ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ በመጀመሪያ ካጋለጣቸው መካከል የስታግ ቺካጎ ይገኝበታል። አንዱ ልጅ በስሕተቱ የተወቀሰ፣ አንዱ ልጅ በድሉ የተመሰገነ ነው። ሁለቱም ከትምህርት ቤት የወሰዱት ነገር ቢመዘን፣ ሕዝቡ ለሁለቱም ያደረገላቸው ይህን ያህል የተለያየ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

በዚያው ዓመት 18 ያህል ወጣቶች በጨዋታው ላይ በደረሰባቸው ጉዳት ሞተዋል። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በኦክቶበር 1905 የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ጠርቶ አነጋገረ፤ በተከታዩ ዓመትም ሕጉ ተሻሻለ። ኳስን ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው ያን ጊዜ ነው። ስታግ ከሕግ አውጪዎቹ አንዱ ነበር፤ በጨዋታው ዘዴ ላይ ያፈለቃቸው ሐሳቦችም ብዙ ናቸው። የእነዚህ ዝርዝር ለሙያው ባለቤቶች የሚጠቅም ስለሆነ እዚህ እተወዋለሁ።

ጉዳያችንን ይበልጥ የሚነካው ኦክቶበር 28 ቀን 1922 የሆነው ነው። የፕሪንስተን ቡድን ከምሥራቅ ወደ ቺካጎ መጣ፤ ጨዋታውም በስልክ መሥመር ወደ ኒው ዮርክ ተላልፎ በሬድዮ ተሰማ። የሜዳው ሕዝብ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ሩቅ ከተማ የደረሰበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው ማለት ይቻላል። ቺካጎ 18 ለ 7 ይመራ ነበር። በመጨረሻው ሩብ ፕሪንስተን ተነሥቶ 21 ለ 18 አደረገው። ቺካጎ እንደገና ገፍቶ ከግቡ መሥመር አፍ ላይ ደረሰ፤ ጥቂት ጊዜ ቀረ። የስታግ ልጆች ኳሱን ይዘው በመካከል ሰብረን እንገባለን እያሉ ተጋፉ፤ ፕሪንስተኖች ግን አጥር ሆነው መለሷቸው። ሕዝቡ ሁሉ የሚያየውን ስታግም አይቶታል፤ ኳሱ መወርወር ነበረበት። ተቀያሪ ተጫዋች አስገብቶ ይህን ማስነገር ይችል ነበር ብለው የጠየቁት ነበሩ። እርሱ ግን ራሱ አባል የሆነበት የሕግ ኮሚቴ፣ አሠልጣኝ በተቀያሪ ተጫዋች መልእክት መላኩን እንደማይወድ አስታውሶ ዝም አለ ተብሎ ይተረካል። ጨዋታው የተማሪዎች ነው፤ ያሰቡትን አስበው፣ የወሰኑትን ወስነው ይሸነፉ እንጂ አሠልጣኙ በእነርሱ ጭንቅላት ገብቶ አያሸንፍላቸውም ማለቱ ነው።

ይህ የሞኝነት ሥራ ነው የሚል ሰው ይኖራል። በመቀመጫው ላይ የነበረው ሰው ዋጋ ከፍሎ ገብቷል፤ የከፈለውም ቡድኑ ሲያሸንፍ ለማየት ነው። ለዚህ ሰው የስታግ ዝምታ የመምህርነት ሳይሆን የግዴለሽነት ሊመስለው ይችላል። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሜዳ ነው፤ አንዱ ግን ትምህርት ቤት ያያል፤ ሌላው ቲያትር። እኔ በበኩሌ ስታግ ከሃምሳ ዓመት በላይ በቆየው የአሠልጣኝነት ሥራው ውስጥ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ይህችን ዝምታ ከፍ አድርጌ አያታለሁ። ሆኖም ሕዝቡን እንዲያ አድርጎ ያስለመደው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ መልሱ እንደገና ወደ ስታግ ይመራኛል።

በ1924 የምዕራቡን ሊግ ሻምፒዮንነት ለሰባተኛ ጊዜ አገኘ፤ ሬድ ግሬንጅ ከሚባለው ዝነኛ ሯጭ የኢሊኖይ ቡድን ጋር 21 ለ 21 የወጣበት ጨዋታ በዚህ ዓመት የተደረገ ነው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሻምፒዮንነት አልመጣም። ምክንያቱ ከአሠልጣኙ እርጅና ይልቅ የዘመኑ መለወጥ ነው። ኦሃዮ በ1922፣ ኢሊኖይ በ1923፣ ሚሺጋን በ1927 ግዙፍ ስታዲየሞች ከፈቱ፤ እነዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቺካጎ የሌለው የተማሪ ብዛት ነበራቸው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ግን ቁጥሩ ጥቂት፣ ትምህርቱም ከባድ እየሆነ ሄደ። በከተማውም በ1924 የተከፈተው ሶልጀር ፊልድ በ1927 ኖትር ዳምና ደቡብ ካሊፎርኒያ ሲጋጠሙ ከ100,000 በላይ ሕዝብ አስተናገደ። ስታግ በ1923 ለኮሌጅ ፉትቦል ወዳጆች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የሙያተኞችን የእሑድ ጨዋታ አጥብቆ አወገዘ፤ ግሬንጅ ግን በ1925 የመጨረሻውን የኮሌጅ ጨዋታ እንደ ጨረሰ ወዲያው ወደ ቺካጎ ቤርስ ሙያተኛ ክለብ ገባ። ሃርፐር በፉትቦል የገዛው ሕዝብ የተሻለ ፉትቦል ወዳለበት ሄደ። በዚህ ሕዝቡን መውቀስ ይከብዳል፤ ሲጠራ የተነገረው ነገር ፉትቦል ብቻ ነበርና።

በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተሸነፈ አሠልጣኝ ማባረር እየተለመደ ሲመጣ ስታግን ያቆየው ያ የ1892ቱ ቋሚ ሹመት ነው። እርሱንም ያበቃው ሽንፈት ሳይሆን የዕድሜ ደንብ ነበር። በ1929 በሠላሳ ዓመቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮበርት ሜናርድ ሃቺንስ፣ መምህራን በሰባ ዓመታቸው ጡረታ የሚወጡበትን ደንብ በስታግ ላይም አጸናው። ሌላ ሥራ ተሰጥቶት በግቢው እንዲቆይ ሐሳብ ቀረበለት፤ ሜዳ የሌለበት ሥራ አልፈልግም አለ። በ1932 የመጨረሻ ዘመኑ ሦስት አሸንፎ፣ አራት ተሸንፎ፣ አንዱን እኩል ወጥቶ ለቀቀ። ከላይ እንደ ተነገረው ክላርክ የሞተው በዚሁ ዓመት ነው።

በ1933 በካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ከተማ ወደሚገኘው አነስተኛ ኮሌጅ፣ ወደ ኮሌጅ ኦፍ ዘ ፓሲፊክ ሄደ። ሌላ ሰው የልጅ ልጆቹን በሚያጫውትበት ዕድሜ አዲስ ሥራ ጀመረ። ቺካጎ በበኩሉ ክላርክ ሾኔሲን ቀጠረ፤ በ1935ም የቺካጎው ጄይ በርዋንገር ኋላ ሃይስማን የተባለውን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ቡድኑ ግን ወደቀ። በመግቢያችን የጠቀስነው የ1938ቱ ግጥሚያ የተደረገው በዚህ መካከል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ በሚሺጋን 85 ለ 0፣ በሃርቫርድ 61 ለ 0፣ በኦሃዮ 61 ለ 0 ተረታ። በዲሴምበር 1939 ባለአደራው ቦርድ ፉትቦልን ከዩኒቨርሲቲው አስወጣ።

የሃቺንስን ውሳኔ ብዙዎች የጥበብ ሥራ ብለው ያመሰግኑታል። ዩኒቨርሲቲን በቅዳሜ ጩኸት የሚመዝን ሕዝብ ቢቀር ይሻላል የሚለው ሐሳቡ ከባድ ሐሳብ ነው፤ ደፋርም ነበር። ግን በ1935 ወይም በ1924 ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ይደፍር ነበር ወይ? ያስወጣው ሕዝቡ አስቀድሞ የተወውን ነገር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1942፣ በዚያ በተዘጋው ሜዳ የምዕራብ መቀመጫዎች ሥር ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በሰው እጅ የተሠራውን የመጀመሪያ ተከታታይ የኑክሌር መሰንጠቅ ሂደት ተቆጣጥረው አስኬዱ። የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር፤ ጩኸትም አልተሰማም።

ስታግ በ1943፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በጦርነቱ ምክንያት በባሕር ኃይል የትምህርት ፕሮግራም ወደ ኮሌጁ በመጡ ወጣቶች ተረድቶ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። የጦርነቱ ወጣቶች ሲሄዱ ድሉም ሄደ። ከ1946 የጨዋታ ዘመን በኋላ የስቶክተኑ ኮሌጅም እንደ ቺካጎ ሁሉ በክብር ፈቀቅ እንዲል ጠየቀው፤ እርሱም እንደ ቀድሞው እምቢ ብሎ ሄደ። ከ1947 እስከ 1952 በፔንሲልቬኒያ፣ በሰስኩዌሃና ዩኒቨርሲቲ ከልጁ ጋር አብሮ ሠራ። ያ ሜዳ ትንሽ ነበር። ተመልካቹም በአብዛኛው ተጫዋቾቹን በስም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ወላጅ፣ የክፍል ጓደኛ፣ መምህር። ስታግ በቺካጎ በ1892 የጀመረው ሜዳ እንዲህ ያለ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ስቶክተን ተመልሶ እስከ ዘጠና ስምንት ዓመቱ ድረስ ወጣቶችን ኳስ አመታት ያስተምር ነበር። ማርች 17 ቀን 1965 በመቶ ሁለት ዓመቱ ሞተ። በስሙ የተመዘገቡት 314 ድሎች፣ የአላባማው ቤር ብራያንት በ1981 እስኪያልፋቸው ድረስ ከፍተኛ ሆነው ቆዩ።

አሮጌው ስታግ ፊልድ በ1957 ፈረሰ፤ በቦታውም የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ተሠራ። በ1963፣ ስታግ ገና በሕይወት ሳለ፣ ፉትቦል በዩኒቨርሲቲው እንዲመለስ ሲሞከር ተማሪዎች በሜዳው መካከል ተቀምጠው ተቃውሞ አሰሙ። የዚያ ሕዝብ ልጆች ናቸው፤ አባቶቻቸው ለማየት ይጋፉበት በነበረው ነገር ላይ ተቀመጡበት። ጨዋታው በመደበኛነት የተመለሰው በ1969 ነው፤ ወደ ቀድሞው ታላቅ ሊግ ግን አልተመለሰም። ዛሬ ቺካጎ የሚጫወተው ለስፖርተኛ በስፖርተኛነቱ የነፃ ትምህርት ዕድል በማይሰጡ ኮሌጆች ምድብ ውስጥ ነው። ከ1973 ጀምሮም የዚህ ምድብ የፍጻሜ ጨዋታ የሚጠራው በስታግ ስም ነው።